ስድብ በትእዛዝ

አዛናው አፉ አያርፍም ነበር። ቆንጆ ነገር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም፤ በቅሎ ካየ በቅሎዋን፣ ዛፍ ካየ ዛፉን፣ ዳቦ ከቀረበለት ሳይቆርስ በፊት ዳቦውን ያወድሳል። አባቱ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ይህን አይተው «ይህ ልጅ ለቅኔ የተፈጠረ ነው» ብለው እዚያው ይፋግ ቅኔ ቤት አስገቡት። ልጁ ግን ቅኔውን ነካክቶ ሳይጨርስ የመንግሥት ትምህርት ቤት አማረው። መሪጌታ ተቆጡ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ተቆጡ። ነገሩን ያበረደችው ወረታ ከተማ ዳር የምትኖረው ታናሽ እኅታቸው እናኑ ናት።

«እኔ ዘንድ ተቀምጦ ይማር» አለች።

«በምን ታበይዋለሽ? ባል የለሽ፣ ማሳ የለሽ።»

«ገልቱ አለችልኝ።»

ገልቱ ላም ናት። ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረች የፎገራ ላም፣ ጡቷ ሲሞላ አረማመዷን የሚያስቸግራት። እንዲህ ያለችውን ላም ገልቱ ብላ የሰየመቻት እናኑ ራሷ ናት፣ ያውም ሆን ብላ። በዚያ አገር የሚያምር ነገር የሚያምር ስም አይሰጠውም፤ የሰው ዓይን ያርፍበታላ። የወፈረ ሕፃን «ይህ አይጥ» ይባላል። ጎተራው ሞልቶ የተረፈው ገበሬ ስለ አዝመራው ሲጠየቅ «ምን አዝመራ አለ፣ ገለባ ነው እንጂ» ብሎ ይተክዛል። ውዳሴ ከአፉ ያመለጠው ሰው ቢኖር እንኳ ወዲያው «እንትፍ እንትፍ» ብሎ ነገሩን ያበርዳል። እናኑ የገልቱን ወተት ለመምህራኑና ለእርሻ ቢሮ ሠራተኞች ትሸጣለች፤ ጎጆዋ የቆመው በዚያ ነው።

መሪጌታ ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና ፍርዳቸውን ሰጡ። «መልካም። ገልቱ እስከታለበች ድረስ ይማር። ያለ ጊዜዋ የነጠፈች ዕለት ግን መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ቁጭ ብሎ ድጓውን ይማራል።» የሰው ዕድል በላም ጡት ላይ ሲንጠለጠል ያየ ሰው ካለ አዛናውን ያየ ነው።

እንዲህ እየተኖረ 1975 ዓ.ም. ደረሰ። ትምህርት ቤቱ በዚያ ዓመት ቤተ መጻሕፍት እየሠራ ነበር። ወላጅ እንጨቱን አመጣ፣ ተማሪ ጭቃውን አቦካ፣ ግድግዳው ቆመ፤ ጣሪያው ላይ ሲደረስ ቆርቆሮ መግዣ ጠፋ። የፎገራ ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ሰው ጎረቤቱን የሚጠይቀው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ነው፤ ጣሪያ የሌለው የጭቃ ግድግዳማ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።

ያን ጊዜ የአማርኛ መምህሩ አዳሙ ዘዴ አመጣ። አዳሙ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ልቡ ቅን፣ ጫማውን በየቀኑ የሚወለውልና በየቀኑ በጭቃ የሚሸነፍ ሰው ነው።

«እያንዳንዱ ሰው የሚኮራበትን ነገር ይንገረን» አለ ተማሪዎቹን ሰብስቦ። «እኛ በግጥም እናወድስለታለን፤ እሱ ለቆርቆሮው አቅሙ የፈቀደውን ይሰጣል። ከዚያ የኅብረተሰብ ቀን አዘጋጅተን ግጥሞቹን በሕዝብ ፊት እናነባለን። ስለ ራሱ መልካም ነገር መስማት የማይወድ ሰው የት አለ?»

«እዚህ» ለማለት የደፈረ ተማሪ አልነበረም።

እውነትም መጀመሪያ ላይ አንድም ሰው ዝር አላለም። ነገሩን የለወጠው ሳያስበው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ካሴ ነው። ካሴ ድሮ አያ ካሴ የሚባል ደግ ወይፈን ነጋዴ ነበር፤ ሊቀ መንበር ከሆነ ወዲህ ግን ጓድ ተብሏል፣ ድምፁም ወፍሯል። ግጥሞቹ ውስጥ ፀረ አብዮት ሐሳብ ሾልኮ እንዳይገባ ሁሉንም እሱ አንብቦ ማኅተም እንዲያደርግባቸው አዘዘ። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ ልቡ መለስ አለ። የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት ውዳሴ ላይ ዓይን እንዴት ደፍሮ ያርፋል? ማኅተሙ ከክታብም ይበልጣል ተባለ። ወዲያው ትእዛዙ ጎረፈ። አንዱ ለበቅሎው፣ አንዱ ለንብ ቀፎው፣ አንዷ ለምትዳረው ልጇ አዘዙ። ገንዘብ የሌለው ጤፍ፣ ጤፍ የሌለው ዶሮ ይዞ መጣ፤ የአዳሙ ክፍል በአንድ ሳምንት ውስጥ የዶሮ ቤት መሰለ። ካሴም ለራሱ አዘዘ። መዋጮ ሲጠየቅ «ማኅተሙ የእኔ መዋጮ ነው» አለ። ግጥሙን የጻፈለት አዛናው ነው፤ አብዛኛውን የጻፈው እሱ ነበርና።

ሊቀ መንበር ካሴ፣ ጥርሱ ሲታይ ገና፣
ከርብ እስከ ጉማራ፣ ያበራል ጎዳና።

ካሴ ይህን ሲያነብ ፈገግ ብሎ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታበት።

አዛናው ለሰው ሁሉ ሲጽፍ አንድ ነገር ይቆረቁረው ጀመር። አክስቱ ይህን ሁሉ ዘመን አብልታ አጠጥታ አስተምራዋለች፤ እሱ የሚሰጣት አንድ ነገር የለውም፣ ከአፉ በቀር። ስለዚህ ሳይነግራት ለገልቱ ጻፈ። ገልቱ የሚለው ስም ለግጥም አልመች ስላለው «ንግሥት» አላት። ካሴ ንግሥት የሚለውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ይህ የፊውዳል ቃል ነው» ብሎ ሰረዘና ብዙ ካሰበ በኋላ «አምራቿ» ብሎ አስተካከለው።

የኅብረተሰቡ ቀን ሜዳው በሰው ሞላ። በቅሎዋ ተወደሰች፣ ሙሽሪት ተወደሰች፣ የካሴ ጥርስ ተወደሰ፤ ሕዝቡ እያጨበጨበ፣ ግን በየመሀሉ ዘወር እያለ እንትፍ እያለ ሰማ። መጨረሻ ላይ አዛናው ራሱ ወጣ። አክስቱን ከፊት ተቀምጣ ሲያያት ደስ አለው፤ ድምፁን ከፍ አደረገ።

አምራቿ ላማችን፣ የእናኑ ባለሟል፣
ስላንቺ ለመግጠም፣ ቃል ከየት ይገኛል።
ጡቷ እንደ ጣና ሐይቅ፣ ጎኗ እንደ ፎገራ፣
ያላንቺ ማን አለው፣ የወተት አዝመራ።
ስትሄጅ በመስኩ፣ ምድሩ ያረግዳል፣
አንቺን ያየ ዓይን፣ ሌላ መች ይወዳል።

አንድም እጅ አላጨበጨበም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እናኑ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ፊቷን ሸፈነች። መምህር አዳሙ ዝምታው አልገባውም። ድምፅ አልተሰማ ይሆናል ብሎ ከወንበሩ ተነሣና «ይደገም» አለ። አዛናውም ደገመው።

በማግስቱ ጧት እናኑ ማለቢያዋን ይዛ ገልቱ ሥር ተቀመጠች። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ጥጃውን አስጠግታ ሳበች፣ ጎተተች፣ ለመነች። ጠብታ አልወጣም።

«እቴቴ፣ ምናልባት በልታ ስላልጠገበች ይሆናል» አለ አዛናው በሩ ላይ ቆሞ።

«ዝም በል። አንተ አፍህን አትክፈት።» እናኑ ተነሥታ ባዶውን ማለቢያ አሳየችው። «ጡቷን በጣና መሰልህ፤ እሺ። ጎኗን በፎገራ መሰልህ፤ እሺ። ዓይኑን ምን ብለህ በስሙ ጠራኸው? ደጅ የቆመ ሌባ ግባ ይባላል እንዴ? ያውም ሁለት ጊዜ።»

«ሁለተኛውን መምህሩ አዘውኝ ነው።»

«እሳቸው የሰው አገር ሰው ናቸው፤ ምን ያውቃሉ። አንተ ግን የይፋግ ልጅ ነህ።»

ለገልቱ ያልተደረገላት የለም። አንገቷ ላይ ነጭ ሽንኩርት ታሰረላት። ከጣራ ገዳም ጸበል መጥቶ ተረጨች። ሌላ ዓይን እንዳያያት ከቤት ውስጥ ጨለማው ላይ ታሠረች፣ ጥጃዋም ተለየ፣ ደረቅ በርበሬ ተጨሰባት፤ እሷም አስነጠሰች፣ እናኑም አስነጠሰች፣ ወተት ግን የለም። ዛሬ ነገር አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ላሚቱ የነጠፈችው በድንጋጤና በጭሱ ነው ይል ይሆናል። ይበል። ያን ጊዜ በወረታ እንዲህ የሚል አልተገኘም። ወሬው ግን ለመንገድ ፈጣን ነው፤ ይፋግ ደረሰ። መሪጌታ በሚቀጥለው የገበያ ቀን በቅሏቸውን ጭነው እንደሚመጡና ልጃቸውን ይዘው እንደሚመለሱ ላኩበት።

አዛናው መጻሕፍቱን ሰበሰበ። በዚያ ዓመት የመልቀቂያ ፈተና ሊቀመጥ ነበር። ድጓ አይጠላም፤ ግን የጀመረውን ሳይጨርስ መሄዱ፣ ያውም በገዛ አፉ፣ አንገበገበው። መጻሕፍቱን በገመድ ሲያስር ያየችው የእናኑ ጎረቤት አሮጊቷ ባየች ናት። ባየች ጥርሷ ያለቀ፣ ምላሷ ግን እንዳለ ያለ ሴት ናት።

«አንተየ፣ ምን ያስለቅስሃል?» አለችው። «በሰው ፊት አወደስካት አይደል? በዚያው ሰው ፊት ስደባታ። ያስቀናሃቸውን ሰዎች አሳዝናቸው። ማን ያዘነላትን ላም በዓይኑ ይበላል?»

የገበያው ቀን ደረሰ። እናኑ ገልቱን ከጨለማው አውጥታ ጎኗን በጭቃ ለቀለቀቻት፣ ጭራዋን ጸጉር ላይ በሚጣበቀው ጭጎጎት አጠላለፈችው፤ የምታሳፍር ላም አስመስላ በገመድ እየጎተተች ገበያው መሀል አቆመቻት። አዛናው ከጨው ተራ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ወጣ። ሰው መሰብሰብ ሲጀምር አፉ፣ ያው የማያርፈው አፉ፣ ራሱን ቻለ።

ከቀንድሽ እስከ ጭራ፣ አንድ ደህና የለሽ፣
እናኑ በደግነት፣ በደጅ አሳደረሽ።
ወተትሽ ውሃ ነው፣ ውሃሽም አይጠጣ፣
ሌባ እንኳ አይሰርቅሽም፣ ሌሊት ደጅ ቢመጣ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ቅቤ ሻጮቹ ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። «እውነትም ምስኪን ላም ናት» አሉ፣ «ኧረ ታሳዝናለች» አሉ። እናኑ አንገቷን ደፍታ ያፈረች ትመስላለች፤ ከነጠላዋ ሥር ግን ከንፈሯ እየሣቀ ነበር። ልክ በዚህ መሀል መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል በበቅሎ ደረሱ። ልጃቸው ድንጋይ ላይ ቆሞ ላም ይሰድባል፤ ከተማው ይስቃል። በቅሎዋን አቁመው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ላም አወድሶ አጠፋ ብለውኝ መጣሁ፤ ላም ሲሰድብ ደረስኩ» አሉ ሲወርዱ።

አዛናው እግራቸውን ስሞ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ቤት አመታቱ ደህና ነው» አሉ መሪጌታ። «የፊተኛው ስንኝ ትንሽ ይሰንፋል። የሌባው ግን... የሌባው ደህና ነው።»

ከገበያ ሲመለሱ ገልቱን ወንዝ ዳር አሳርፈው ሣር አስነጩ። ወደ ማታ ጥጃዋ ሲለቀቅ ጮኾ ገባባት። እናኑ ማለቢያዋን ይዛ ተቀመጠች። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ ሸር ሸር ማለት ጀመረ፣ ከዚያ አረፋው በማለቢያው አፍ ላይ ወጣ። እናኑ እንባዋ እየወረደ አለበች። መሪጌታ የቀረበላቸውን ወተት እስከ መጨረሻው ጠጥተው አፋቸውን ጠረጉ።

«ቀጭን ወተት ነው» አሉ ጮክ ብለው፣ ደጅ የቆመ ሁሉ እንዲሰማ። በማግስቱ ብቻቸውን ወደ ይፋግ ተመለሱ።

አዛናው ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎት ነበር። አላበቃም። በኅብረተሰቡ ቀን የተወደሰ ሁሉ ደጁን መጥናት ጀመረ። በቅሎዋ አነከሰች፣ ንቦቹ ቀፎ ጥለው ሄዱ፣ ሙሽሪት ሳል ያዛት። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «ስደብልኝ።» ሙሽሪትን ሰነፍ ነች፣ ወጥ ታሳርራለች ብሎ ሰደባት፤ ሳሏ ቆመ፣ እናቷም በደስታ በግ አመጣች። ለውዳሴ ዶሮ ይሰጥ የነበረ ሰው ለስድብ በግ ይጎትታል፤ በጉም ተሸጦ ለቆርቆሮው ይውላል። ኋላማ ያልተወደሱትም መምጣት ጀመሩ፣ «ሳልወደስ በፊት ስደበኝ» እያሉ።

መምህር አዳሙ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። «እንዴ አዛናው፣ ሰው ከፍሎ ይሰደባል?»

«ቲቸር፣ ከፍሎ ይድናል።»

«ለአውራጃው ምን ብዬ ነው ሪፖርት የምጽፈው?»

የሚጽፈውን ገና እያሰበ ሳለ ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደችለት። የወረታ ሴቶች ገንፎ ይዘው እየመጡ ሕፃኑን እያዩ «ምን ያስቀይማል፣ የማን ዝንጀሮ ነው» ይሉ ጀመር። አዳሙ ሰሞኑን ተቀይሞ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቀን ከክፍል ሲወጡ አዛናውን ወደ ጥግ ጠራውና ጫማውን እያየ፣ «እኔ እንኳ በዚህ ነገር አላምንም» አለ። «ግን ልጁን በተመለከተ... አጠር ያለች፣ ሁለት ስንኝ ብቻ።»

የቆርቆሮው ገንዘብ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ካሴ መጣ። ከምሳ በኋላ አዛናው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ ሲያጠና ጥላ አጠላበት። ቀና ሲል ሊቀ መንበሩ ነው፤ ግራ ጉንጩ አብጦ አንድ ዓይኑን ሊዘጋው ደርሷል።

«ጥርሴን የነካኸው አንተ ነህ» አለው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት።»

«አዝዣለሁ። አሁን ደግሞ ሌላ አዝዣለሁ። ስደበኝ።»

አዛናው መጽሐፉን ዘጋ። በዚያ ዘመን ሊቀ መንበርን መስደብ ይቅርና ሊቀ መንበር ሲያልፍ ማሳልም ያስጠይቃል። እምቢ ቢል ካሴ ይይዘዋል፣ እሺ ቢል ሕጉ ይይዘዋል፤ ፈተናው ደግሞ ደርሷል። «በሕዝብ ፊት?» አለ።

«የተወደስኩት በሕዝብ ፊት አይደል? ጥርሴን ብቻ ነው የምትሰድበው። ወንበሩን አትንካ፣ አብዮቱን አትንካ፣ ሚስቴንም አትንካ።»

«ኋላ ቢያሳስሩኝስ?»

ካሴ ጉንጩን ይዞ አሰበ። ሕመምተኛ ሰው አሳብ አያጣም። «ሂስ እንለዋለን» አለ። «ሂስና ግለ ሂስ መመሪያ ነው። በማኅበሩ ስብሰባ አጀንዳ አድርጌ አስገባዋለሁ፤ አንተ የወጣቱ ተወካይ ነህ።»

ስብሰባው ዋርካው ሥር ተደረገ። አብዮት ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ከኋላ ቆሙ። መምህር አዳሙ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኖ ብዕሩን ጨብጦ ተቀመጠ። አጀንዳው ሲጠራ አዛናው ተነሣ፤ እናኑ ከሴቶቹ መሀል ሆና አፏን በእጇ ይዛ ታየዋለች።

ሊቀ መንበር ካሴ፣ ጥርሱ ሲታይ ገና፣
ሕፃናት ሮጡ አሉ፣ ጅብ መጣ አሉና።

ዋርካው ሥር ዝንብ ሲበር ይሰማል። ሕዝቡ አብዮት ጥበቃዎቹን ያያል፣ አብዮት ጥበቃዎቹ ካሴን ያያሉ።

«ሳቁ እንጂ» አለ ካሴ ጉንጩን እንደያዘ። «ካልሳቃችሁ አይሠራም።»

መጀመሪያ በትእዛዝ ሳቁ። ከዚያ አንዱ ጠባቂ መቆጣጠር አቅቶት ፈነዳ፤ ከዚያ ሁሉም ከልቡ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ባየች ዱላዋን ተደግፋ ተነሣች።

«እኔም ሂስ አለኝ» አለች።

ሰልፍ ውጡ ይለናል፣ አረም ላይ እያለን፣
እሱ ጥላ ሥር ነው፣ ፀሐይ ሲያከስለን።

ይህን ጊዜ የሳቀ የለም። ካሴ አፉን ከፈተ፤ ሊቆጣ ነው ተባለ። ግን እጁ ጉንጩ ላይ ቀረ። ነካ ነካ አደረገው። «ትንሽ ቀለል አለኝ» አለ፣ ራሱም እየገረመው። «ሌላ አለ?»

ሌላ ሞልቶ ነበር። አንለይ የሚባል ገበሬ፣ በስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቅ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ።

የኔን በሬ ወስዶ፣ ለማኅበር ነው ብሎ፣
የራሱን ማሳ አርሷል፣ ከኋላው ተከትሎ።

ከአንለይ ኋላ አንድ እጅ ተነሣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እስከ ጠባቂዎቹ ድረስ እጅ በእጅ ሆነ። ካሴ አየና ከወንበሩ ብድግ አለ። «በቃ፣ በቃ፣ ድኛለሁ» አለ። ስብሰባው ተበተነ። አዳሙ በቃለ ጉባኤው ላይ «ከሰፊው ሕዝብ ገንቢ ሂስ ተሰጥቷል» ብሎ ጻፈ፤ ይህም ቀድሞ ለአውራጃው የቸገረውን ሪፖርት አቀለለለት። በማግስቱ ካሴ ደብረ ታቦር ሄዶ ጥርሱን አስነቅሎ መጣ የሚሉ አሉ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ያዳነኝ ስድቡ ነው ይል ነበር። የአንለይ በሬ በሳምንቱ ደጁ ላይ ታስሮ ተገኘ። በዚያ ክረምት አረም ሲታረም ሰልፍ አልተጠራም። ቆርቆሮውም ዝናቡ ሳይጀምር ተመታ፤ ዝናብ ሲወርድበት የሚሰማው ጩኸት ለማንበብ አያስችልም እንጂ ጥሩ ጣሪያ ነበር።

አዛናው ፈተናውን አለፈ፤ ለመምህርነት ሥልጠና ወደ ጎንደር ተመደበ። በሚሄድበት ጧት እናኑ ሻንጣውን ራሷ ተሸክማ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችው። ብዙ ልጅ ነበር የሚሄደው። ከሌላ አገር የመጡት የመንግሥት ሠራተኞች ልጆቻቸውን እየሳሙ «የእኔ ጎበዝ፣ የእኔ አንበሳ» ይላሉ። እናኑ ሻንጣውን አቀበለችው። አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብላው አታውቅም፤ ውጤቱን ይዞ የመጣ ዕለትም «ገልቱን ውሃ አጠጣት» ነበር ያለችው። አዛናው አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ በመስኮቱ ሲያያት፣ ዛሬስ አንድ ቃል ትለኝ ይሆን ብሎ ተመኘ።

ሞተሩ ተነሣ። ያን ጊዜ እናኑ ወደ መስኮቱ ተጠጋችና ጣቢያው ሁሉ ዞር እስኪል ድረስ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ሰዎች፣ ይህን የወንድሜን ልጅ እዩልኝ። መልክ የለው፣ ቁመት የለው። ፈተናውን ያለፈው ተሳስተው ነው። እስከ ዛሬ ደጄ ላይ ያሳደርኩት በደግነቴ ነው እንጂ ለምንም አይረባ።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ እንደገና ሰበሰበችው። «ሌባ እንኳ አይሰርቅህም፣ ሌሊት ደጅ ቢመጣ።»

ከዚያ በመስኮቱ እንትፍ እንትፍ አለችበት፤ አዲሱ ኮቱ ላይ አረፈ። አልጠረገውም።

አፉ የማያርፈው አዛናው ይፋግ እስኪያልፉ ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም። ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ እንባውን ለቀቀው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ የሩቅ አገር ነጋዴ ነበር፤ አዘነለት።

«ወንድሜ፣ ምን ብታደርጋቸው ነው ሴትዮዋ እንዲህ የሚጠሉህ?»

አዛናው ጋቢውን ገለጥ አድርጎ በእንባው መሀል ሳቀ።

«አክስቴ ናት» አለ። «በዓለም ላይ ከእኔ የምታስበልጠው ነገር የላትም።»

ነጋዴው ግራ ገብቶት ወደ መስኮቱ ዞረ።